መንገድ የራቀው ማደያ፦ የተዘጉ ነዳጅ ማደያዎች ፎቶግራፍና የሚሸፍነው ምክንያት

በጨፈገገ ጧት መኪና አቁሞ የተዘጋ ነዳጅ ማደያ ፎቶ ማንሳት ዛሬ ራሱን የቻለ የፎቶግራፍ ዘርፍ ሆኗል ማለት ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ረጅም መንገድ የነዳ ሁሉ ትዕይንቱን ያውቀዋል፤ ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ፣ ቱቦው የተቆረጠ ፓምፕ፣ በስንጥቁ ሣር የበቀለበት ኮንክሪት፣ ከበላዩ ዝቅ ብሎ የተንጣለለ ግራጫ ሰማይ። እንዲህ ያለው ፎቶ ያምራል፤ እኔም ከሚወዱት ወገን ነኝ። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ግን ያ ውበት ማደያው ለምን እንደተዘጋ ይሸፍናል የሚል ነው። ፎቶው ጥፋቱን ሁሉ ለጊዜ ያሸክማል። ማደያ ግን በዕድሜ ብቻ አይዘጋም። መንገድ ይዞርበታል፣ የነዳጅ ግብር ይለያይበታል፣ አቅርቦት ይቋረጥበታል፣ አዲስ ደንብ ይወጣበታል። እነዚህ ሁሉ ቀንና ፊርማ ያላቸው የሰው ውሳኔዎች ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ብርሃኑ። ፀሐይ በወጣበት ቀን ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ ይመጣል፤ ጥላ ይጥላል፤ ጥላውም ሰዓቱንና አቅጣጫውን ይናገራል። ደመና ሲሸፍን ሰማዩ በሞላ አንድ ሰፊ የብርሃን ምንጭ ይሆናል። ጥላ ይጠፋል፤ በብሩህና በጨለማው ክፍል መካከል ያለው ልዩነት ስለሚጠብም ካሜራው የዝገቱን ቅንጣት፣ የተላጠውን ቀለም ጠርዝና የመስታወቱን አቧራ አንድም ሳያመልጠው ይመዘግባል። የብርሃኑ የቀለም ሙቀት ከቀትር ፀሐይ 5,500 ኬልቪን ገደማ ወደ 6,500 ከፍ ስለሚል ምስሉ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በዝናብ የራሰ ቀይ ቀለም ደግሞ ይበልጥ ይደምቃል። ለዝርዝር ከዚህ የተሻለ ብርሃን የለም። ጥላ የሌለው ፎቶ ግን ሰዓት የለውም፤ ሰዓት የሌለው ፎቶ ደግሞ ታሪክ የሌለው ለመምሰል በጣም ይቀርባል።

ጀርመናውያኑ በርንድና ሂላ ቤኸር ይህንኑ ብርሃን ለፍጹም የተለየ ዓላማ ተጠቅመውበታል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የውሃ ማማዎችን፣ የብረት ማቅለጫ ምድጃዎችንና የጋዝ ማከማቻዎችን በደመናማ ቀን፣ ፊት ለፊት፣ በትልቅ ካሜራ እያነሱ ብዙዎቹን በአንድ ሠንጠረዥ ይደረድሯቸው ነበር። ደመናው የተመረጠው አንዱ ማማ ከሌላው ጋር ያለ ጥላ አድልዎ እንዲነጻጸር ነው። በ1975 ሮቸስተር ከተማ በጆርጅ ኢስትማን ቤት የታየው «ኒው ቶፖግራፊክስ» የተባለው ኤግዚቢሽን ሥራቸውን ከአሜሪካውያኑ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከሮበርት አዳምስ፣ ከሉዊስ ባልትዝና ከስቲፈን ሾር ጋር ጎን ለጎን ካቀረበ ወዲህ ግራጫው ሰማይ የቁም ነገር ምልክት ሆነ። ወራሾቻቸው ግን ሰማዩን ወስደው ሠንጠረዡን ተዉት። ብቻውን የቆመ አንድ ማደያ በግራጫ ሰማይ ሥር ከምንም ጋር አይነጻጸርም፤ የሚቀረው ስሜት ብቻ ነው። በእኔ ግምት የዘርፉ ድክመት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በቴክሳስና በኒው ሜክሲኮ ወሰን ላይ ያለችው ግሌንሪዮ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ናት። ከአማሪሎ ወደ ምዕራብ በአውራ ጎዳና 40 ሲነዳ፣ ቴክሳስ ከማለቋ በፊት ዜሮ ቁጥር የተሰጠው መውጫ አለ። ደመና በተጫነው ጧት በዚያ ወጥቼ አሮጌው አስፋልት ላይ ስቆም መጀመሪያ የያዘኝ የመንገዱ ስፋት ነበር። ለጥቂት የፈራረሱ ቤቶች እንዲህ ያለ ሰፊ መንገድ አይሠራም። ቀጥሎ የሰማሁት ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ በአዲሱ ጎዳና ላይ ያለማቋረጥ የሚያልፈውን የከባድ መኪና ድምፅ ነው። ካሜራዬን ወደ ማደያው ሳዞር ሁለቱም፣ ስፋቱም ድምፁም፣ ከምስሉ ውጭ ቀሩ። ከዚያ የሚወሰዱት ፎቶዎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ ግድግዳውንና ሰማዩን ይዘው መንገዱን ይተዋሉ።

የግሌንሪዮ ሕይወትም ሞትም ያለው ግን መንገዱ ላይ ነው። መንገዱ በ1926 ሩት 66 ተብሎ ተሰየመ፤ ከተማዋም ከአላፊ አግዳሚው ኖረች። ሕንጻዎቿ የቆሙበት ቦታ ራሱ ሕግ የጻፈው ነው። የኒው ሜክሲኮ የነዳጅ ግብር ከፍ ያለ ስለነበር ማደያዎቹ የተሠሩት በቴክሳስ በኩል ነው። በቴክሳስ በኩል ያለው የዴፍ ስሚዝ አውራጃ ደግሞ መጠጥ ስለከለከለ መጠጥ ቤቶቹ በኒው ሜክሲኮ በኩል ሆኑ። ሾፌሩ በአንዱ ግዛት ነዳጁን ሞልቶ በሌላው ቢራውን ይጠጣ ነበር። በ1956 የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር መንግሥት ያወጣው የአውራ ጎዳናዎች ሕግ ከተሞችን ሳይነካ የሚያልፍ መንገድ አመጣ፤ በ1970ዎቹ አዲሱ ጎዳና ግሌንሪዮን አለፋት፤ በ1985 ሩት 66 ከይፋዊ የመንገዶች መዝገብ ተሰረዘ። ወሰኑ ዛሬም ሥራውን አልተወም። በኒው ሜክሲኮ በ2022 ካናቢስ ለአዋቂዎች መሸጥ ከተጀመረ ወዲህ፣ በዚያችው ሰው አልባ በምትባለው ቦታ፣ በኒው ሜክሲኮ በኩል መሸጫ ተከፍቷል። ይህን ያወቀ ተመልካች ከቴክሳስ በኩል ያለውን ባዶ ማደያ «ጊዜ የረሳው» ብሎ ሊጠራው ይቸግረዋል።

ስለ ማደያ ፎቶ የሚጻፍ ሁሉ የሚያነሳው ኤድ ሩሼ በዚሁ መንገድ ነበር የሚመላለሰው። በኦክላሆማ ሲቲ አድጎ በ1956 ወደ ሎስ አንጀለስ የሄደው ይህ ሠዓሊ በ1963 «ሃያ ስድስት የቤንዚን ማደያዎች» የተባለችውን ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በጥቁርና ነጭ ከተነሱት ምስሎች ሥር ከማደያው ስምና ከከተማው በቀር ምንም የለም። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በዚያው ዓመት አልቀበልም ብሎ መለሳት፤ ሩሼም መመለሷን በማስታወቂያ አሳትሞ አወጣው። ዛሬ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ታሪክ ያለ እሷ አይጻፍም። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ማደያዎቹ በሥራ ላይ የነበሩ መሆናቸውን ነው። ሩሼ ያነሳው ፍርስራሽ አልነበረም፤ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፣ አብዛኛውንም ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ፣ አስፋልቱን ከፊት አድርጎ። አዲሱ ጎዳና እነዚያን ከተሞች ሲያልፋቸው መጽሐፏ ሳትፈልገው ማስረጃ ሆነች፤ ምክንያቱም መንገዱን፣ ስሙንና ከተማውን አስቀድማ ይዛቸዋለች።

ፈረንሳዊው ኤሪክ ታቡቺ በ2008 ለዚህ መጽሐፍ በርዕስም በቁጥርም መልስ ሰጥቶ ሃያ ስድስት የተተዉ ማደያዎችን አሳተመ። ሥራው ከተራው የፍርስራሽ ፎቶ የሚበልጠው ተከታታይ ስለሆነ ነው፤ ሃያ ስድስቱ ሲደረደሩ አንድ የጋራ ምክንያት መኖር አለበት የሚል ጥያቄ በተመልካቹ ላይ ይጭናል። ምክንያቱም አለ። ፈረንሳይ በ1980 ገደማ ከ40,000 በላይ ማደያዎች ነበሯት፤ ዛሬ 11,000 ገደማ ቀርተዋል። ዋናው ገፊ ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች በመኪና ማቆሚያቸው ዳር ነዳጅ በርካሽ መሸጥ መጀመራቸው ነው። ታቡቺ ጥያቄውን ያስነሳል፤ የሱፐርማርኬቱን ማደያ ግን አጠገቡ አላስቀመጠም፤ ቢያስቀምጠው ኖሮ መልሱም በታየ ነበር።

ከማውቃቸው የዚህ ዘርፍ ምስሎች ሁሉ የማስበልጠው ግን በሥነ ጥበብ ታሪክ ብዙም ስሙ የማይነሳውን የዴቪድ ፋልኮነርን ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ1970ዎቹ «ዶኩሜሪካ» በሚል ፕሮግራም ፎቶግራፍ አንሺዎችን አሰማርቶ ነበር፤ ፋልኮነር የሠራው በኦሪገንና በዋሽንግተን ግዛቶች ነው። በጥቅምት 1973 የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ሲጣል እሱ ያነሳው ማደያዎቹ ሲደርቁ ነበር። ኦሪገን ውስጥ ማደያዎች ባንዲራ ይሰቅሉ ነበር፤ አረንጓዴ ለሁሉም ይቀዳል፣ ቢጫ ለንግድና ለአስቸኳይ ሥራ ብቻ፣ ቀይ የለም ማለት ነው። በ1974 የጸደይ ወራት ፖትላች በምትባል የዋሽንግተን ከተማ ያነሳው ምስል ደግሞ በዚያ የነዳጅ እጥረት የተዘጋ ማደያን ያሳያል። ማደያው የጸሎት መሰብሰቢያ ሆኗል። ቤንዚን ይቀዱ የነበሩት ፓምፖች ላይ አላፊውን በመንፈስ ቅዱስና በመዳን እንዲሞላ የሚጋብዝ ጽሑፍ በቀለም ተጽፏል። የጻፈው ሰው ፓምፕ ምን እንደሚሠራ አልዘነጋም፤ ሥራውን ለሌላ ነገር አዋለው። ቦታው ባዶ ሆኖ አልቀረም፤ ጉባኤ ገብቶበታል። ፋልኮነርም መቼ፣ የት፣ በምን ምክንያት እንደተዘጋ በመግለጫው አኑሮታል። ተመልካቹ በዚህ ፎቶ ፊት የሚያዝንበትን ያውቃል፤ የሚደነቅበትንም እንዲሁ። ከዚህ ምስል በኋላ በደመና ሥር ዝም ብሎ የቆመ ፓምፕ ማየት ለእኔ ጎደሎ ነው።

ካሜራ ጨርሶ የማይደርስበት ምክንያትም አለ፤ እሱም ከመሬት በታች ነው። አሮጌዎቹ ማደያዎች ቤንዚናቸውን የሚያስቀምጡት በተቀበሩ ተራ የብረት ታንኮች ነበር። ብረቱ ይዝጋል፤ ቤንዚኑ ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩም ወደ ጉድጓድ ውሃ ይሰርጋል፤ በውስጡ ያለው ቤንዝን (benzene) የተባለ ውህድ ደግሞ ካንሰር አምጪ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1988 ባወጣው ደንብ መሠረት የማደያ ባለቤቶች እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1998 ታንኮቻቸውን ከዝገት እንዲጠብቁ፣ እንዲለውጡ ወይም እንዲዘጉ ታዘዙ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለወጡ። በየገጠሩ ያለው ባለ ሁለት ፓምፕ ባለቤት ግን የመለወጫውም የማጽጃውም ወጪ ከማደያው ዋጋ በለጠበትና ቁልፉን ሰቀለ። እስካሁን በመላ አገሪቱ የተረጋገጡት የታንክ ፍሳሾች ከ500,000 በላይ ናቸው። ፎቶ አንሺው «ማንም ያልነካው» የሚለው ቦታ ያልተነካው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ መሬቱን የገዛ ሰው የአፈሩን ማጽጃ ዕዳም አብሮ ሊገዛ ይችላል። ፍርስራሹን ለካሜራ ያቆየው መርዙ ነው።

ለዚህ ታሪክ ላይ ላዩን የሚታዩ ምልክቶች አሉ፤ ውበት ስለሌላቸው ግን አይነሱም። አንዱ ከኋላ ግድግዳ ተጠግተው ከሰው ቁመት በላይ የሚወጡት ቀጫጭን የታንክ መተንፈሻ ቧንቧዎች ናቸው። ሌላው ኮንክሪቱ ውስጥ እኩል ተስተካክለው የተቀበሩት ትንንሽ ክብ የብረት ክዳኖች ናቸው፤ ከሥራቸው የጉድጓድ ውሃው ናሙና የሚወሰድበት መመርመሪያ ቀዳዳ አለ። እዚያ ግቢ ውስጥ ከዛገው ፓምፕ ይልቅ አዲስ መቆለፊያ ያለው ክዳን ብዙ ይናገራል፤ አንድ ሰው አሁንም እየተመላለሰ ነውና።

ለእኛ ይበልጥ የቀረበው ምሳሌ አስመራ ነው። በ1938 በጁሴፔ ፔታዚ ንድፍ የተሠራው ፊያት ታልዬሮ ማደያ ያለ ምሰሶ የተዘረጉ፣ እያንዳንዳቸው 15 ሜትር ገደማ የሆኑ የኮንክሪት ክንፎች አሉት። ፔታዚ የእንጨቱን ድጋፍ እንዲነቅሉ ሠራተኞቹን በሽጉጥ አስገደደ እየተባለ ይነገራል። አስመራ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች በኋላ የሕንጻው ፎቶ የመጽሔት ሽፋን ማድመቂያ ሆኗል፤ ሁልጊዜም ከፊት ማዕዘኑ፣ አውሮፕላን እንዲመስል ተደርጎ። ያ ፎቶ ይህ ከተማ ለምን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማደያ የሚያስፈልገው ከተማ እንደሆነ አይናገርም። ጥቅምት 1935 መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን የወረረው የጣሊያን ሠራዊት መነሻው ኤርትራ ነበረች። ከምፅዋ ወደ ደጋው የወጣው ስንቅ፣ ለካሚዮን የተሠራው መንገድ፣ ከጣሊያን የጎረፈው ሰው ከተማዋን አሳበጧት፤ ፊያት ደግሞ ከሠራዊቱ ካሚዮን አቅራቢዎች አንዱ ነበር። ክንፎቹን ማድነቅ ነውር የለውም። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ግን መንገዱን ከምስሉ አውጥቶ ክንፉን ብቻ ማየት በገዛ ታሪኩ ላይ ዓይን መጨፈን ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ፎቶግራፍ አንሺዎች የቅርብ ሥራ ያመጣል። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ ስለዚህ የእኛም ማደያዎች ዕጣ መለወጥ ጀምሯል፣ ውሳኔውም ቀን አለው። ሩሼን የሚመስል ሥራ የሚሠራው ደግሞ አሁን ነው፤ ከጅቡቲ የመጣው ቦቴ ሲገለበጥ፣ ባጃጆቹ ወረፋ ይዘው ሾፌሮቹ ጎማ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ፣ የዋጋው ሰሌዳ ገና ሲነበብ። ከአዋሽ በሚሌ አድርጎ እስከ ሎጊያ ባለው መንገድ ያሉትን ማደያዎች በሙሉ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ፣ አስፋልቱን ጨምሮ፣ የኩባንያውን ስም፣ ከተማውን፣ ቀኑንና የዕለቱን የሊትር ዋጋ ከሥሩ ጽፎ ማንሳት ይቻላል። በዚያ ቆላ የጨፈገገ ጧት ብዙም አይገኝም፤ ጥላው ይነሳ፣ ሰዓቱን ይናገራል።