ጠባይ እንደ ሳሙና ይሸጣልን?
ስለ ማኅበራዊ ግብይት ዘዴና ስለ ትምህርት ቤት ድርሻ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

የሕዝብን ጤንነት የሚጎዱ ልማዶችን ለማስለወጥ በልዩ ልዩ አገሮች ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ፣ ነጋዴ ሸቀጡን ለመሸጥ የሚጠቀምበትን ጥበብ ለማኅበራዊ ጥቅም ማዋል ነው። ይህ ዘዴ ሶሻል ማርኬቲንግ ወይም ማኅበራዊ ግብይት በመባል ይታወቃል። ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ አልጋ አጎበር፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ሕፃናት ተቅማጥ የሚካሄዱት ዘመቻዎች አብዛኞቹ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከዚሁ ዘዴ የተቀዱ ናቸው። እነዚህም ዘመቻዎች የትምህርት ቤትን ደጃፍ ሳያንኳኩ አላለፉም። ፖስተሩ የሚለጠፈው በክፍል ግድግዳ ላይ ነው፤ መፈክሩን በቃሉ የሚያጠናው ተማሪው ነው፤ መልእክቱን ወደ ቤተሰቡ እንዲያደርስ የሚታዘዘውም እርሱ ነው። በመሆኑም ዘዴው በምን ሁኔታ እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚቆም፣ መምህሩና የትምህርት ዕቅድ አውጪውም ከእርሱ ምን ወስደው ምን መተው እንደሚገባቸው መመርመሩ አስፈላጊ ሆኖ ይገኛል።

የተዘነጋው መልስ

ለዘዴው መነሻ ሆኖ ዘወትር የሚጠቀሰው፣ ጂ. ዲ. ዊብ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያነሡት ጥያቄ ነው። ጥያቄው፣ ሳሙና በማስታወቂያ ኃይል የሚሸጥ ከሆነ ወንድማማችነትና ቀና አስተሳሰብስ በዚያው መንገድ የማይሸጡበት ምክንያት ምንድን ነው የሚል ነበር። ጥያቄው በየጊዜው ሲጠቀስ ኖሯል፤ መልሱ ግን እየተረሳ መጥቷል።

ዊብ በራዲዮና በቴሌቪዥን የተካሄዱ አራት ቅስቀሳዎችን መርምረው ነበር። ኬት ስሚዝ የተባሉት ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ1943 በራዲዮ ያካሄዱት የጦርነት ቦንድ ሽያጭ ከፍ ያለ ውጤት አስገኝቷል። አድማጩ ልቡ በተነካ ጊዜ ስልክ አንሥቶ በዚያው ሰዓት ቦንዱን ለመግዛት ይችል ስለ ነበረ ነው። ስለ ወጣት ጥፋተኞች የቀረበው ዝግጅት ግን የብዙ ሰዎችን ስሜት ቢቀሰቅስም፣ የተነሣሣው አድማጭ በሰፈሩ ሄዶ አንድ ነገር የሚሠራበት የተዘጋጀ ቦታ ስላላገኘ ስሜቱ እንደ ተነሣ በርዷል። ከዚህ በመነሣት ተመራማሪው አምስት ነጥቦችን አስቀምጠዋል። እነርሱም የፍላጎቱ ኃይል፣ የሚሄዱበት አቅጣጫ፣ ፍላጎቱ ወደ ሥራ የሚለወጥበት ማስፈጸሚያ፣ የማስፈጸሚያው ብቃትና ተስማሚነት፣ እንዲሁም ሰውየው ከማስፈጸሚያው ያለው ርቀት ናቸው። ርቀት ሲባልም የመንገዱን ርዝመት ብቻ ሳይሆን ድርጊቱ የሚጠይቀውን ድካምና ወጪ ሁሉ ይጨምራል።

ከአምስቱ ነጥቦች ማስታወቂያ በዋናነት የሚነካቸው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው። ሦስቱ የአቅርቦትና የድርጅት ጉዳዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 ፊሊፕ ኮትለርና ጄራልድ ዛልትማን ለዘዴው ስሙን ሲያወጡለትም ማስተዋወቅን ያስቀመጡት ከአራቱ ምሰሶዎች እንደ አንዱ እንጂ እንደ ብቸኛው አልነበረም። የቀሩት የሚቀርበው ነገር፣ ዋጋውና የሚገኝበት ቦታ ናቸው። በዘዴው ላይ የሚሰነዘረው ሂስ ፍትሐዊ እንዲሆን ከተፈለገ፣ በመጽሐፍ ያለውንና በተግባር የሚታየውን መለየት ያሻል።

ሽያጩ የተሳካበት

ዘዴው በሚገባ ሲሠራበት ውጤት ማስገኘቱ የሚካድ አይደለም። የህንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1968 ኒሮድ የተባለውን ኮንዶም ሦስቱን በ15 ፓይሳ፣ ማለት ድሃው ሊከፍለው በሚችል በተደጎመ ዋጋ፣ ለገበያ አቀረበ። ሥርጭቱንም ሻይ፣ ሳሙናና ባትሪ ወደ ገጠር ሱቆች የሚያደርሱ ታላላቅ ኩባንያዎች እንዲይዙት አደረገ። በኢትዮጵያም ዲኬቲ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ሕይወት ትረስት የተባለውን ኮንዶም በዝቅተኛ ዋጋ በየሱቁና በየኪዮስኩ እንዲሸጥ በማድረጉ፣ ነገሩ በሰው እጅ አጠገብ ሊቀመጥ ችሏል።

ግብፅ ከዚህ አንድ ደረጃ የገፋ ሥራ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሌክሳንድሪያ በሙከራ የተጀመረው ብሔራዊ የተቅማጥ መቆጣጠሪያ ፕሮጀክት፣ በሕዝብ ዘንድ የተወደዱትን ተዋናይት ካሪማ ሙክታርን በቴሌቪዥን እንደ አስተዋይ እናት አቀረበ። ማስታወቂያው ብቻውን ግን አልተላከም። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በቤት በሚገኝ ብርጭቆ ልክ፣ ማለት ለ200 ሚሊ ሊትር ውሃ በሚበቃ በትንሽ ከረጢት ታሽጎ በየመድኃኒት ቤቱ እንዲገኝ ተደረገ፤ ሐኪሞችና መድኃኒት ሻጮችም ሥልጠና ተሰጣቸው። በተከታዮቹ ዓመታት በተቅማጥ የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ።

እነዚህ ምሳሌዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። የሚፈለገው ድርጊት ከመግዛት እምብዛም አይርቅም። ነገሩ ተዘጋጅቶ፣ ተመጥኖና ታሽጎ ይመጣል። ገዢው ሊማር የሚገባው ጥቂት ነው። በግብፅ ደግሞ በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን በአብዛኛው ሕዝብ ቤት ገብቶ ነበር። ማስተማርን የሚጠይቀው ሥራ የሚጀምረው እነዚህ ሁኔታዎች በሌሉበት ቦታ ነው።

ሽያጭ ትምህርት መሆን ያስፈለገው ጊዜ

በባንግላዲሽ የታየው ከዚህ የተለየ ነው። የጨውና የስኳር ውህድ በመጠጣት ብቻ የተቅማጥ በሽተኛን ማዳን እንደሚቻል በዚያ አካባቢ አስቀድሞ ተረጋግጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በጦርነቱ ምክንያት ወደ ህንድ በተሰደዱት ሰዎች መካከል ኮሌራ ሲነሣና በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በቦንጋኦን መጠለያ ውህዱን በበርሜል አዘጋጅተው እንዲጠጣ አድርገዋል። ከበሽተኞቹ 30 በመቶ ያህሉን ይገድል የነበረውም በሽታ በዚህ ሕክምና ሥር ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ዕውቀቱ ነበረ ማለት ነው። የጎደለው ይህን ዕውቀት የታሸገ ከረጢት ወደማይደርስበት፣ ጽሕፈትም ወደማይነበብበት መንደር ማድረስ ነበር።

ፋዝሌ ሐሰን አቤድ እ.ኤ.አ. በ1972 የመሠረቱት ብራክ የተባለው ድርጅት ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 አከናወነ። ሴት አስተማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ከ12 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ቤተሰቦች፣ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨውና አንድ ጭብጥ ያልተጣራ ስኳር በግማሽ ሊትር ያህል ውሃ እንዴት እንደሚበጠበጥ አስተማሩ። ጨው ቢበዛ ሕፃኑን ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ ትምህርቱ የመፈክር ሳይሆን የእጅ ሥራ ትምህርት መሆን ነበረበት።

በዚህ ሥራ ውስጥ ለመምህራን ልዩ ትርጉም ያለው የደመወዝ አከፋፈሉ ነው። የአስተማሪዋ ክፍያ በጎበኘቻቸው ቤቶች ብዛት አልተወሰነም። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ተቆጣጣሪ ከተማሩት እናቶች ጥቂቶቹን በናሙና መርጦ ይጎበኛል፤ እናቲቱ የምታስታውሰውን ይጠይቃታል፤ ውህዱንም በፊቱ እንድታዘጋጅ ያደርጋታል። እናቲቱ በደረጃ ትመዘናለች፤ አስተማሪዋ የሚከፈላትም በዚያ ደረጃ ልክ ነው። በዚህ አሠራር ተማሪው ሳያውቅ አስተማሪው አስተማረ ሊባል አይችልም።

ይሁን እንጂ ይህም ብቻውን አልበቃም። እናቶቹ ውህዱን በትክክል ማዘጋጀት ቢችሉም፣ ሕፃን ሲታመምባቸው የሚጠቀሙበት ግን ከታሰበው እጅግ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ድርጅቱ ጥፋቱን በእናቶች አለማወቅ ላይ ሳይጥል ምክንያቱን መረመረ። ከተገኙት ምክንያቶች አንዱ ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው በውህዱ የማያምኑ መሆናቸው ነበር፤ በራሳቸው ላይ ተቅማጥ ሲደርስ ክኒን ይወስዱ ነበር። ሁለተኛው ትምህርቱ ለእናቶች ብቻ ተሰጥቶ፣ በቤት ውስጥ ወሳኙን ቃል የሚናገሩት ወንዶች የተዘለሉ መሆናቸው ነበር። በዚህም መሠረት አስተማሪዎቹ ውህዱ እንዴት እንደሚሠራ በምርምር ማዕከል በዓይናቸው እንዲያዩ ተደረገ። በየመንደሩም ወንዶች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ መምህራንና የባህል ሐኪሞች ተሰብስበው እንዲወያዩ ሆነ። ራዲዮና ቴሌቪዥን ይህን ሥራ ደገፉ እንጂ አልተኩትም። እ.ኤ.አ. በ2014 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በባንግላዲሽ ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት አራት አምስተኛ ያህሉ የታሸገውን ወይም በቤት የተዘጋጀውን ፈሳሽ አግኝተዋል።

በአፈጻጸም የሚታዩ ጉድለቶች

ከእነዚህ ታሪኮች አንጻር ሲመዘኑ፣ በማኅበራዊ ግብይት ስም የሚካሄዱ ብዙ ዘመቻዎች ሦስት ዐበይት ጉድለቶች ይታዩባቸዋል።

አንደኛ፣ ከአራቱ ምሰሶዎች ማስተዋወቅን ብቻ ነጥለው ይይዛሉ። ፖስተር ማሳተም ከውሃ መስመር ዝርጋታ ይልቅ ይቀላል፤ በዓመት መጨረሻ ለሚቀርብ ሪፖርትም ይመቻል። ሳሙናና ውሃ በሌለበት ትምህርት ቤት ስለ እጅ መታጠብ የተለጠፈ ሥዕል ግን ተማሪውን የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው፤ በትምህርት ቤት የሚነገረው ቃል ሊፈጸም የታሰበ አለመሆኑን ያስተምረዋል።

ሁለተኛ፣ የሚለካው መስማት እንጂ መሥራት አይደለም። መልእክቱን ስንት ሰው ሰማ የሚለው ጥያቄ ለነጋዴው እንኳ በቂ አይደለም፤ ነጋዴው የሚቆጥረው የተሸጠውን ነው። የጤና ዘመቻ አቅጂው ከነጋዴው ቋንቋውን ተውሶ ሒሳብ አያያዙን ከተወ፣ ከሁለቱም ሙያ ሳይሆን ይቀራል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው፣ ለውጥ ባልመጣ ጊዜ ጥፋቱ በሰፊው ሕዝብ ኋላ ቀርነት ላይ መውደቁ ነው። ለአንዲት የገጠር እናት የውህዱ ዋጋ የከረጢቱ ዋጋ ብቻ አይደለም። ንጹሕ ውሃ ፍለጋ የሚወስደው ሰዓት፣ የማገዶው ወጪ፣ የአማትና የጎረቤት ትችት ሁሉ በዋጋው ውስጥ ይገባሉ። በኢትዮጵያ በአንዳንድ አካባቢዎች ተቅማጥ ከጥርስ መብቀል ጋር ስለሚያያዝ የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ እንጥልም ማስቆረጥ እንደ መፍትሔ ይታያሉ፤ በተቅማጥ ለተያዘ ሕፃን መጠጥ መቀነስም የተለመደ ነው። እነዚህ ልማዶች በገበያ ቋንቋ ተፎካካሪ ሸቀጦች ናቸው። ተፎካካሪውን ሳያጠና ገበያ የሚገባ ነጋዴ እንደሚከስር ሁሉ፣ እናቲቱ ዛሬ የምታደርገውን ለምን እንደምታደርግ ሳይጠይቅ የሚነሣ ዘመቻም ፍሬ አያፈራም።

የትምህርት ቤት ድርሻ

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ ሠልጥነው ደመወዝ የሚከፈላቸውን ሴት ባለሙያዎች በየቀበሌው በመመደቡ፣ ከማስታወቂያ ይልቅ ወደ ቤት ለቤት ትምህርት የቀረበ አካሄድ ይዟል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት ሕይወት አድኑን ንጥረ ነገር ያገኙት 30 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የቀረው ክፍተት ሰፊ ነው፤ ትምህርት ቤትም በዚህ ረገድ ሊሠራው የሚችለው ቀላል ያልሆነ ሥራ አለ።

ይህም ሥራ ተማሪውን የመፈክር ተሸካሚ ማድረግ አይደለም። አንድ የታሸገ ከረጢት በአንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። በብዙ ቤት የሊትር መለኪያ የለም፤ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ግን አይታጣም፤ ሦስቱ አንድ ሊትር ይሞላሉ ማለት ይቻላል። ይህን በክፍል ውስጥ መለካት የሒሳብ ትምህርት ነው። ውሃው ቢያንስ ወይም ቢበዛ ምን እንደሚደርስ ማወቅ የሳይንስ ትምህርት ነው። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ለምን እንደሚደፋ መረዳትም እንዲሁ። መምህሩ ውህዱን አዘጋጅቶ ቢያሳይ ተማሪው አየ እንጂ አልተማረም፤ በየተራ ወጥቶ እንዲያዘጋጅ ማድረግና ከአንድ ወር በኋላ ሳይነገረው ደግሞ እንዲያዘጋጅ ማድረግ ግን ከባንግላዲሽ ተሞክሮ ዋናውን ቁም ነገር ወደ ክፍል ማስገባት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ጥቂት ከረጢቶች፣ ጠርሙሶችና ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛም በኩል የሚከተል ግዴታ አለ። ራሱ የማያምንበትን የሚያስተምር ሰው ተማሪውን ሊያሳምን አይችልም። ዕጩ መምህሩ ስለ ጤና ልማዶች የሚሰጠውን ኮርስ ለፈተና ብቻ አጥንቶ ከወጣ፣ ልጁ ሲታመም ከሚያስተምረው ይልቅ የለመደውን ይይዛል፤ ተማሪዎቹም፣ በተለይ በትንሽ ከተማ፣ ይህን ሳያዩ አይቀሩም። ስለዚህ በማሠልጠኛው የሚሰጠው ትምህርት ዕጩው ጥርጣሬውን በግልጽ የሚያወጣበት፣ በልምምድም የሚፈትንበት መሆን ይገባዋል።

ማጠቃለያ

ማኅበራዊ ግብይት ለትምህርት ሥራ ጠላት አይደለም። ተጠቃሚውን ማጥናትን፣ ዋጋን በሙሉ መገመትን፣ ነገሩን በሰው እጅ አጠገብ ማኖርንና ውጤትን በድርጊት መቁጠርን ከእርሱ መማር ይገባል። ተግባሩ በአንድ ግዢ የሚያልቅ ሲሆን የነጋዴው መንገድ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ተግባሩ በየቀኑ በቤት ውስጥ የሚደገም የእጅ ሙያ ሲሆን ግን ሥራው የመምህር ሥራ ነው፤ ጊዜና ልምምድም ይጠይቃል። ወደ ትምህርት ቤት ለሚመጣ ማንኛውም ዘመቻ ርእሰ መምህሩና የወረዳው የትምህርት ዕቅድ አውጪ ሦስት ጥያቄዎችን አስቀድመው ሊያቀርቡ ይገባል፦ ተማሪው ሊሠራው የሚጠየቀውን ነገር በትምህርት ቤቱና በቤቱ ለመሥራት የሚያስችለው ነገር ተሟልቷልን? መሥራቱ በምን ይመዘናል? የሚያስተምሩትስ ራሳቸው ይሠሩታልን? ለእነዚህ መልስ ያልተዘጋጀለት ዘመቻ፣ ፖስተሩ ምንም ያህል ቢያምር፣ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ሊወስድ አይገባውም።