ማጣትና መተው በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

ከዓባይ በረሃ በደጀን ወጥቶ በአምበር በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚዘልቀው ደጋ የጤፍና የስንዴ አገር ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ባላገሮች የበቀሉት ከዚሁ ከጎጃም ምድር ነው። ደራሲው ራሳቸው በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቀው በእንዶዳም ተወልደው በአብነት ትምህርት ቤት ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው እንደ ፍቅር ታሪክ ነው። ሆኖም በውስጡ ሌላ ጥያቄ ይገኛል፤ ሰው በጥቂት ነገር ተደስቶ ሊኖር ይችላልን?

ለመልሱ የሚቸኩል አንባቢ «አዎን» ይል ይሆናል። ፊታውራሪ መሸሻ ሀብትና ማዕረግ ሳያንሳቸው ለዘራቸው የሚመጥን አማች አጥተው ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ያለ ባል ያስቀሯታል። ክብራቸው ለእርሳቸው አጥር፣ ለልጃቸው ወህኒ ነው። በአንጻሩ ጉዱ ካሣ የትውልድ ክብርን ከምንም ሳይቆጥር ያሰበውን እየተናገረ ይኖራል፤ «ጉዱ» የተባለውም ስለዚሁ ነው።

ነገር ግን ድርሰቱ ድኽነትን አያሞግስም። ፊታውራሪው ያልተገባ ግብር ሲጠይቁ ባላገሮቹ በአበጀ በለው መሪነት ያምፃሉ። ያለችውን ጥቂት ነገር የሚነጠቅ ሰው ስለ ቀላል ኑሮ ደስታ ሊሰበክለት አይገባም። መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በእውን ማመፁ የደራሲውን አስተዋይነት ይመሰክራል።

እንግዲህ የድርሰቱ ቁልፍ በማጣትና በመተው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ማጣት በሌላ ሰው እጅ ይመጣል፤ መተው ከራስ ፈቃድ ይመነጫል። ሰብለ ወንጌል በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ካባቷ ቤት ስትወጣ ድሎቱን ሁሉ ትታ የራሷ እመቤት ትሆናለች። በዛብህ ግን ምናኔን አልመረጠም፤ ወላጆቹ በስለት ሰጥተውት ነበር። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ እንደ ፊታውራሪው ሹመትና ሎሌ የሌላቸው ሲሆኑ፣ ከፍቅርና ከስጋት የተነሣ፣ የልጃቸውን ዕድሜ እንደ ገዛ ንብረታቸው ተሳሉበት። ደራሲው ከሁሉ ጠልቀው ያዩት እዚህ ላይ ነው፤ «የእኔ ነው» ማለት በድኻ ጎጆም ያድራል።

ድርሰቱ አንድ ጉድለት አለው። በፈቃዱ በጥቂቱ የረካ፣ እያረሰ፣ እየወለደ፣ ማታ እሳት ዳር እየተጨዋወተ የሚኖር ቤት አያሳየንም። የሁለቱ ፍቅረኞች ተስፋ በሞት ደጃፍ ላይ ይቀራል፤ ቀላሉም ኑሮ ከምናኔ በቀር ሌላ መልክ አያገኝም። ይሁን እንጂ ጉድለቱ ከሥርዓቱ ጋር የሚስማማ ነው። ጎተራው በጌታ እጅ ያለ የአምበር ገበሬ በጥቂት መርካትን ከቶ ሊመርጥ አይችልም ነበርና።