ባዶ መሆኑ የሚታይ ጠመንጃ

ጎጃም ውስጥ ጠመንጃና ባለቤቱ አይለያዩም። ለገበያም፣ ለሰርግም፣ ለለቅሶም አብሮ ይሄዳል፤ ማታ ከራስጌ ይሰቀላል እንጂ ለማያውቁት ሰው አይሰጥም። የኔ ሥራ ደግሞ ሰውንና ጠመንጃውን መለያየት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ እንጀራዬ ግን አዲስ አበባ። ከውጭ ለአደን የሚመጡ እንግዶችን ቦሌ እቀበላለሁ፣ የጠመንጃቸውን ወረቀት አስጨርሳለሁ፣ ሲመለሱም አሳፍራቸዋለሁ። ባሁኑ ጊዜ ጎጃሜ ሆኖ ስለ ጠመንጃ መጻፍ ቀላል አይደለም፤ የማወራው ስለ አደን ጠመንጃ ብቻ ነው።

እኛ አገር ጎጃም ለእንዲህ ያለ እንግዳ የሚሆን አደን የለም። የጮቄ ተራራ እስከ ትከሻው ታርሷል፤ ድሮ ግዳይ የሚፈልግ ሰው ወደ ዓባይ ቆላ ይወርድ ነበር፤ ያም ቢሆን ዛሬ ወሬ ሆኖ ቀርቷል። የውጭው አዳኝ የሚመጣው በዋናነት ለደጋ አጋዘን ነው። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከባሌና ከአርሲ ተራሮች እንዲሁም ከአካባቢያቸው በቀር የትም የለም። አይቮር ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ገድሎ ቀንዱን እስኪወስድ ድረስ የአውሮፓ ሳይንስ አያውቀውም ነበር። ዛሬ አንድ ሰው እሱን ፍለጋ ከቴክሳስ ወይም ከማድሪድ ሲነሣ፣ የአደን ፈቃዱን ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የጠመንጃውን ጉዳይ ደግሞ ከፖሊስና ከጉምሩክ ጋር አስቀድሞ መጨረስ አለበት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ “እዚያው ደርሰን እንነጋገራለን” የሚባል ነገር የለም።

ሥራው የሚጀምረው ከጠመንጃው ሣጥን ነው። የጨርቅ ልባስ አይሆንም፤ ጠንካራ ግድግዳ ያለው ሣጥን መሆን አለበት። ሰዎች የሚያዩት ውፍረቱን ነው፤ እኔ የማየው ማዕዘኑን ነው። ሁለት ጓጉንቸር መሀል ላይ አንጠልጥሎ ጫፉን ባዶ የተወ ሣጥን ጥግ ጥጉ በእጅ ይፈለቀቃል፤ ጣት ከገባ ደግሞ ተቆልፏል አይባልም። ስለዚህ ቀዳዳ ባለበት ሁሉ ጓጉንቸር ይገባል። ቁልፉ ከባለቤቱ ኪስ አይወጣም፤ ፈታሽ ሲፈልግ እሱ ራሱ ቀርቦ ይከፍታል እንጂ ቁልፉን ሰጥቶ አይሄድም።

ሣጥኑ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲጋደም ያለውን ጊዜ እወደዋለሁ። የጠመንጃው መዝጊያ ወጥቶ ስፖንጁ ውስጥ ለብቻው ተኝቷል። ካዝናው ባዶ ነው። ፈታሹ አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ በስልኩ መብራት ጥይት የሚጎርስበትን ቤት ያያል፤ ልምድ ያለው ከሆነ ትንሿን ጣቱንም ይሰድበታል፤ ዓይን ይሳሳታል፣ ጣት ግን አይሳሳትም። መዝጊያው የወጣለት ጠመንጃ ከኋላው እስከ አፈሙዙ ክፍት ስለሆነ መብራት ሲያበሩበት በወዲያ በኩል ትንሽ ክብ ብርሃን ይታያል። ያቺን ክብ ለማየት የጠመንጃ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ሻንጣ ጫኙም፣ የጉምሩኩ ልጅም፣ ከኋላ ተሰልፋ ልጇን ያዘለችው ሴትም ያዩዋታል። የዚህ ሥራ ልኩ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፣ ባዶነቱ ባለቤቱን ለማያምን ሰው ጭምር መታየት አለበት።

ይህን ለአባቴ ወንድም ላስረዳ ሞክሬ ነበር። ጥይት አለቀብኝ ብሎ በአደባባይ ከሚናገር ሞቱን የሚመርጥ ሰው ነው።

“እና እሱ ቆሞ እያየ ሌላ ሰው ጠመንጃውን ይበረብራል?” አለኝ።

“አዎ፣ አያ።”

“ዝም ብሎ ይቆማል?”

“ይቆማል።”

“ገንዘብ ከፍሎ?”

“ብዙ ገንዘብ።”

ትንሽ አሰበና “ታዲያ አጋዘኑን የሚገድለው እሱ ነው ወይስ ወረቀቱ?” አለ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

እንግዶቹም ቢሆኑ አንዳንዴ ይሰለቻሉ፤ በተለይ በመሸጋገሪያ አገር አንድ ጊዜ፣ ቦሌ አንድ ጊዜ ሣጥናቸው ሲከፈት። ለእነሱ የምነግራቸው ሁለት ታሪክ አለኝ። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ወደ አሥመራ የተነሣውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ እነ ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ ሽጉጥና የእጅ ቦምብ ይዘው ሊጠልፉት ሞከሩ። አየር ላይ ተኩስ ሆነ፤ ቦምብ ፈነዳ፤ ዋለልኝም ማርታም ሞቱ፣ አውሮፕላኑ ግን ተመልሶ ቦሌ አረፈ። ሁለተኛው ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የሆነው ጠለፋ ነው። ያኔ ጠላፊዎቹ ጠመንጃ አልነበራቸውም፤ የያዙት መጥረቢያ እንኳ የአውሮፕላኑ የራሱ ነበር፤ ቦምብ አለን ማለታቸውም ሐሰት ነበር። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ ያለቀበትን አውሮፕላን ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ አሳረፈ፤ ከ175 ሰው 125 ሞተ። የሁለቱም ትምህርት አንድ ነው፤ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተቆልፎ፣ ተመዝግቦ፣ መዝጊያው ወጥቶ የተኛ ጠመንጃ ማንንም አያሰጋም። የሚያሰጋው ስለመኖሩ ያልተነገረው ነው። ስለዚህ ቼክ ኢን ላይ ከሰላምታ ቀጥሎ የመጀመሪያው ቃል “ጠመንጃ ይዣለሁ” ይሁን እላቸዋለሁ፤ ድምፅ ሳይሰበር፣ ጮክ ሳይባልም።

ጥይት የራሱ ሕግ አለው። በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ደንብ አንድ መንገደኛ ለራሱ መጠቀሚያ እስከ 5 ኪሎ፣ ያውም ከነማሸጊያው፣ በሚጫን ሻንጣ ብቻ ይይዛል፤ አየር መንገዱም አስቀድሞ መፍቀድ አለበት። ባልና ሚስት አብረው ቢበሩ የሁለቱን ድርሻ አንድ ላይ አሥር ኪሎ አድርጎ ማሸግ አይቻልም። ያም ሆኖ 5 ኪሎ ብዙ ነው፤ ለትልቅ አውሬ በሚያዘው፣ ሦስት መቶ ሰባ አምስት በሚባለው ጠመንጃ ሲሰላ ወደ መቶ ጥይት ይጠጋል። አጋዘን አድናለሁ ብሎ መቶ ጥይት የሚይዝ ሰው ዒላማው ላይ ሌላ ጥያቄ አለኝ።

ችግር የሚመጣው ግን ከሣጥኑ ሳይሆን ከኪስ ነው። ጠንቃቃ የሚባሉት አዳኞች ጠመንጃው ቢሰረቅ እንኳ እንዳይተኮስበት ብለው መዝጊያውን በእጅ ቦርሳቸው ይይዙታል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን የጠመንጃ አካል ወደ መንገደኛ ክፍል አይገባም፤ ፍተሻው ላይ ሲያዝ ሰውየው ማስረዳት ይጀምራል፣ አውሮፕላኑም አይጠብቀውም። ከዚያ የባሰው አንዲት ጥይት ናት። በአደን ላይ ለእጅ እንድትቀርብ ብለው ካፖርታቸው ኪስ ይከቷታል፣ ይረሷታል፣ ያንኑ ካፖርት ደግሞ ለመመለሻው ይለብሱታል፤ ኤክስሬዩ ላይ ጥርት ብላ ትታያለች። እኔ ከካምፕ ስንነሣ የሰውን ኪስ አስገለብጣለሁ፤ የካፖርቱን፣ የሱሪውን፣ የመነጽሩን ማኅደር፣ ጫማው ውስጥ ያለውን ካልሲ ሳይቀር። ሀብታም ሰው ኪሱን ገልብጥ ሲባል ፊቱ ይከብዳል፤ ይክበድ።

ወረቀቱ ላይ የማላልፈው የመለያ ቁጥሩን ነው። ዜሮና “ኦ” ፊደል፣ አንድና “አይ” ፊደል ይምታታሉ። የድሮ ጠመንጃ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ በዘይትና በእጅ ብዛት ተፍቆ ግማሹ አይነበብም። ስለዚህ ገና ካገራቸው ሳይነሡ ብረቱ ላይ ያለውን ራሱን ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ፤ ከፈቃዳቸው ላይ የተገለበጠ አልቀበልም። አንድ ፊደል የተሳሳተ ፈቃድ የሌላ ጠመንጃ ፈቃድ ነው። ስለ ጉዞውም፣ ቀጥተኛ በረራ ካለ እሱን ምረጡ እላለሁ፤ ከሌለም መሸጋገሪያው ላይ ሰፊ ሰዓት ይኑራችሁ። በመሸጋገሪያው የቀረ የልብስ ሻንጣ በማግስቱ ይደርሳል፤ በማያውቁት አገር ወለል ላይ ያደረ የጠመንጃ ሣጥን ግን በቶሎ አይገኝም።

ካምፕ ሲደረስ ሣጥኑን ወዲያው መክፈት አይጠቅምም። ዕቃ መጫኛው ውስጥ ቀዝቅዞ የቆየ ብረት ሞቅ ያለና እርጥብ አየር ሲያገኝ ያልበዋል፤ ስፖንጁ ያንን ላብ ይዞ ያድርና ጠዋት ላይ የዝገት ነጥብ ይታያል። ሣጥኑ ተዘግቶ የድንኳኑን ሙቀት ይልመድ፣ ከዚያ ይከፈትና ይወልወል። ቀጥሎ ጣውላ ላይ ወረቀት ይለጠፍና ከ100 ሜትር ይተኮሳል። ሻንጣ የሚጥል ሰው የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር ምን እንደሆነ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ የተንጋደደ መነጽር ደግሞ በሩቁ አጋዘኑን አቁስሎ ይሰድደዋል። ይህን ሙከራ “ቤቴ አስተካክዬዋለሁ” ብሎ ሊያልፍ የሚፈልግ አለ። አላሳልፈውም።

ከሁሉ የሚከብደኝ መሰናበቻው ነው። እንግዳው ከተራራው ሲወርድ የተረፈውን ጥይት ላገዘው ዘበኛ ወይም ለመንገድ መሪው ሊሰጥ ይፈልጋል። የኛ ሰው ዝናር ላይ አንዲት ጥይት መጨመር ምን ያህል ስጦታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ባደግሁበት ቤት ከበግ ይበልጣል። ግን ጠመንጃውም ጥይቱም በገባበት ሰው ስም ነው የሚወጣው፤ የተተኮሰውና የቀረው ተደምሮ ከገባው ጋር መግጠም አለበት፤ ቀለሁንም አስለቅሜ እቆጥራለሁ። ስጦታ ከፈለገ ጥሩ ጫማ ይስጥ፣ የዝናብ ልብስ ይስጥ፣ ብር ይስጥ። ዘበኛው ይቀየመኛል፤ በእርግጥም ይቀየመኛል።

ቀንዱና ቆዳው ከሰውየው ጋር አይበርም፤ ታጥቦ፣ በጨው ታሽቶ፣ ደርቆ፣ የእንስሳት ጤና ወረቀት ወጥቶለት ቆይቶ በካርጎ ይሄዳል። ያ የሌላ ባለሙያ ሥራ ስለሆነ ለእሱ እተወዋለሁ።