ንብ አናቢውና ጋሼ

መቼም የቤኒሻንጉልን የጫካ ማር ለለመደ የአሶሳ ሰው ንብ አናቢ ጀግና ሆኖ ሲመጣለት ደስ ይለዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የጄሰን ስታተምን «ዘ ቢኪፐር» ባለፈው ሰሞን አሶሳ፣ አንድ ወዳጄ ቤት አየሁት። ኤሎይዝ የምትባል ጡረተኛ መምህርት ኮምፒዩተሯ ላይ የሐሰት ማስጠንቀቂያ አይታ ትደውላለች። አጭበርባሪዎቹ ቁጠባዋን፣ በአደራ የያዘችውን ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የበጎ አድራጎት ገንዘብም ጭምር ሙልጭ ያደርጉታል። ራሷን ታጠፋለች። ንብ አናቢው ጎረቤቷ ደግሞ ቤንዚን ይዞ ቢሯቸውን ያነደዋል። አጨበጨብን፤ እኔም ጭምር!

ግን ዳይሬክተሩ ዴቪድ ኤየር ሴትዮዋን ለእሳቱ መለኮሻ አደረጋት እንጂ መች አዳመጣት? ሴትዮዋን የገደላት ከገንዘቡ ይልቅ ሐፍረቱ ነው። ፊልሙ እሱን ነካ አድርጎ ወደ ጥይቱ ይሮጣል።

የወዳጄ አባት አላጨበጨቡም። «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ለደወለ ልጅ የሚስጥር ቁጥራቸውን ነግረው የጡረታ ገንዘባቸውን ተበልተዋል። ቤተሰቡ የሰማው ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ያውም ከሌላ ሰው።

«ጋሼ፣ እንዴት አዩት?» አልኳቸው።

«ሰውዬው ማሩን ይዞ የመጣው ማታ ነው» አሉ። «በጊዜ ቢመጣ ኖሮ ትነግረው ነበር ይሆን?»

ወዳጄ ሻይ ላምጣ ብሎ ተነሣ።