ስርዝ ድልዝ

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ፓስፖርት ሽፋኑ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። ካርቶኑ ጠንካራ ነው፤ መሀሉ ላይ የእንግሊዝ መንግሥት አርማ በወርቅማ ቀለም ታትሟል፤ ከላይና ከታች ተቆርጠው የወጡ ሁለት መስኮቶች አሉት። በላይኛው መስኮት የባለቤቱ ስም በእጅ ጽሑፍ ይታያል፣ በታችኛው ቁጥሩ። ገለጥ ሳደርገው ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሆነው ያዩኛል። በሚስትየዋ ዓምድ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች በማስመሪያ የተሰመረ ቀይ መስመር አለ። ቁመቷ፣ የዓይኗ ቀለም፣ የተወለደችበት ከተማ፣ ፊርማዋ ሳይቀር ተሰርዟል። ከመስመሩ ጎን ትንሽ የመሥሪያ ቤት ማኅተምና የጸሐፊው ምኅጻረ ስም አለ። ምክንያቱ አልተጻፈም። ሞታ ይሆናል፤ ተፋትተው ይሆናል፤ የራሷን ፓስፖርት አውጥታም ይሆናል።

ይህ ፓስፖርት በወጣበት ዘመን ሚስት በባሏ ፓስፖርት ላይ ትመዘገብ ነበር፤ ያለ እሱ ግን በዚያ ፓስፖርት ብቻዋን መጓዝ አትችልም ነበር። ስለዚህ ያ ቀይ መስመር አንዳንዴ ሐዘን፣ አንዳንዴ ደግሞ አርነት መውጣት ነው። የትኛው እንደሆነ ወረቀቱ አይነግረኝም።

አዲስ አበባ ያደግሁ ሰው ነኝ። «ስርዝ ድልዝ አለበት» መባል ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንዲት ፊደል በመደለዟ አባቴ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላልሷል። ወረቀት እንከን ከሌለው ወረቀት ነው፣ ካለበት ገለባ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ለንደን መጥቼ የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ ከያዝኩ፣ የድሮ የእንግሊዝ ፓስፖርቶችንም መሰብሰብ ከጀመርኩ በኋላ ነው ነገሩ የተገለበጠብኝ። ዛሬ አንድ ፓስፖርት እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምፈልገው ስርዝ ድልዙን ነው። የታተመው መንግሥት የተናገረው ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የተሰረዘው ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው።

እናቴ ይህን አመሌን አትወደውም። በስልክ «አንተ ልጅ፣ የሞተ ሰው ወረቀት ቤትህ እያስገባህ እንቅልፍ ይወስድሃል?» ትለኛለች። ይወስደኛል እማዬ።

አብዛኛውን የምገዛው አርብ ጠዋት ከበርመንዚ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። እዚያ ጎሕ ሲቀድ የደረሰ ይጠቀማል። ፓስፖርቶቹ ከፖስት ካርድና ከጦርነት ጊዜ የራሽን ደብተር ጋር ተቀላቅለው ጫማ ሳጥን ውስጥ ይተኛሉ። አንዱን ሳነሳ ወዲያው አልገልጠውም። ጠራዥ ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ በቅድሚያ ጀርባውን ነው የማየው። ክሩ የጥንቱ ነው ወይስ ሌላ ሰው ደግሞ ሰፍቶታል? ገጾቹ 32 ይሞላሉ? ከመሀል አንድ ቅጠል ከተገነጠለ በስፌቱ ማዶ ያለው ተጓዳኙ ይላላል፤ ጣት ያውቀዋል፣ ዓይን ከመድረሱ በፊት። በመስኮቱ የሚታየው ቁጥር ከውስጡ ጋር ይገጥማል? የሽፋኑ ጥግ በመቀስ ተቆርጦ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ለገበያ ዋጋ ጉድለት ቢሆንም፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሰርዞ ለባለቤቱ የመለሰው መሆኑን ይነግረኛል።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንዱ ብቻ እንደዚያ አይደለም፤ እሱም ጉድ ሠርቶኛል፣ እደርስበታለሁ።)

ሰማያዊው ደብተር የአንደኛው የዓለም ጦርነት ልጅ ነው። በኦክቶበር 1920 ፓሪስ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጥላ ሥር የተሰበሰበ ጉባኤ ፓስፖርት ባለ 32 ገጽ ደብተር እንዲሆን፣ ቢያንስ በሁለት ቋንቋ እንዲጻፍ፣ አንደኛውም ፈረንሳይኛ እንዲሆን መከረ። ከዚያ በፊት የእንግሊዝ ፓስፖርት አንድ የሚታጠፍ ወረቀት ነበር፤ ከጦርነቱ በፊትማ ፎቶ እንኳ አልነበረውም። ካርል ሃንስ ሎዲ የተባለው የጀርመን ሰላይ በ1914 እንግሊዝ አገር ሲዘዋወር የያዘው የአንድ አሜሪካዊ እውነተኛ ፓስፖርት ነበር። ፎቶ ስለሌለው ስሙን መሸከም ብቻ በቂ ሆነለት። ኖቬምበር 6 ቀን ለንደን ግንብ ውስጥ ተረሸነ። በሚቀጥለው ዓመት የእንግሊዝ ፓስፖርት ፎቶ እንዲኖረው ተደረገ።

በ1915 ከወጡት ወረቀቶች አንድ አለኝ። ከፎቶው ሌላ የባለቤቱን መልክ በቃላት ይዘረዝራል፦ የፊት ቅርጽ፣ ግንባር፣ ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ፣ አገጭ። በእኔው ወረቀት ላይ በአፍንጫ አንጻር «ትልቅ» የሚል ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ በሌላ ቀለም «ቀጥ ያለ» ተብሏል። ሰውዬው ጸሐፊው ፊት ቆሞ ስለ አፍንጫው ሲከራከር ይታየኛል። ፎቶውን አይተህ ፍረድ ካላችሁኝ፣ የመጀመሪያው ጸሐፊ ልክ ነበር።

ቀኑ የደበዘዘ ፓስፖርት ሲገጥመኝ የመጀመሪያውን ገጽ አነባለሁ። በንጉሡ ስም፣ ተሸካሚው ያለ እንቅፋት እንዲያልፍ የሚጠይቀው ጽሑፍ የሚጀምረው በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስም ነው። ከርዘን ካለ ከ1919 እስከ 1924 ባለው ጊዜ፣ ቤቪን ካለ ከ1945 እስከ 1951። ስሙ የሚነግረኝ ከመቼ ወዲህ መሆኑን ነው፤ የታተመ ደብተር እስኪያልቅ ሊሠራበት ስለሚችል እስከ መቼ የሚለውን በሌላ ነገር አጣራለሁ። ከሁሉም የምጓጓለት ስም ሳሙኤል ሆር ነው። ሥልጣን ላይ የቆየው በ1935 ከጁን እስከ ዲሴምበር ብቻ ነው። ያስወጣው የኛ ጉዳይ ነው፤ ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን ሰፊ መሬት ለሙሶሊኒ ሊሰጥ የተስማማበት ወረቀት ጋዜጣ ላይ ወጥቶ የእንግሊዝ ሕዝብ ጮኸበት። የእሱ ስም ያለበትን አንድ ፓስፖርት አግኝቻለሁ። ባለቤቱ ወደ ስዊዘርላንድ በረዶ ሊንሸራተት የሄደ ሰው ነው፣ ከጉዳዩ ምንም የለበትም። እኔ ግን ገጹን በገለጥኩ ቁጥር «ያለ እንቅፋት ይለፍ» ከሚለው ልመና በላይ የዚያን ሰው ስም ሳይ አንድ ነገር ይተናነቀኛል።

ስርዝ ድልዝ ስል ግን የቀለሙን ብቻ አይደለም። ከናይሮቢ የመጣ አንድ ፓስፖርት አለኝ፣ ኬንያ ነጻ ከወጣች በኋላ የተሰጠ። ባለቤቱ የሕንድ ዝርያ ያለው ነጋዴ ነው። የዜግነቱ መስመር ላይ «የዩናይትድ ኪንግደምና የቅኝ ግዛቶች ዜጋ» ይላል፤ ከ1949 መባቻ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ አጠራር ነው። ሽፋኑ ያው ሰማያዊ፣ አርማው ያው፣ ልመናው ያው። በማርች 1968 ግን የለንደን ፓርላማ በሦስት ቀን ውስጥ ባጣደፈው ሕግ፣ ወላጁ ወይም አያቱ ከብሪታንያ ምድር ያልሆነ እንዲህ ያለ ዜጋ ፓስፖርቱን ይዞ ስለመጣ ብቻ እንደ ልቡ መግባት ቀረበት። ይህን ፓስፖርት በአጉሊ መነጽር ቅጠል በቅጠል አይቼዋለሁ። አንድም ስርዝ የለበትም። ከስብስቤ ሁሉ ከባዱ ስረዛ የተፈጸመው በዚህኛው ላይ ነው፣ ወረቀቱን ግን ማንም አልነካውም።

የተጭበረበረ እንዴት ይለያል? ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህን ነው። መልሴ አጭር ነው፤ ሐቀኛ ጸሐፊ ይሰርዛል፣ አጭበርባሪ ይፍቃል። የተሰረዘ ነገር ከመስመሩ ሥር ይነበባል፣ አጠገቡም ማኅተም አለው። የገዳም ብራና ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ሲጻፍበት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ የተፋቀ ቦታ ሸካራ ነው፣ ቀለም ይሰርግበታል። በወረቀትም እንዲሁ ነው። ክፍሉን አጨልሜ የእጅ ባትሪ ከገጹ ጎን አጋድሜ ሳበራ ምላጭ የነካው ቦታ ጸጉር ያወጣል። በኬሚካል የታጠበ ከሆነ ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት ሐምራዊ መብራት ሥር እንደ ዘይት ጠብታ ዙሪያውን ያሳያል። ፎቶው ላይ ያለው ደረቅ ማኅተም ደግሞ ግማሹ በፎቶው፣ ግማሹ በወረቀቱ ላይ መቀጠል አለበት። ከጀርባ በጣት ብዳስሰው መስመሩ ከተቋረጠ ፎቶው ተለውጧል።

ስለ አያያዝ ብዙ አልልም። ርካሽ የፕላስቲክ ኪስ ቀለም ይመጥጣል። የዛገ ሽቦ ደግሞ አይነቀልም፤ አንዴ ነቅዬ የአንዲት ነርስ ፎቶ ለሁለት ተከፍሎብኛል፣ እስካሁን ሳየው ያመኛል። ከዚህ ሌላ አንድ ደንብ አለኝ፦ ባለቤቱ በሕይወት ሊኖር ይችላል ብዬ የምጠረጥረውን አልገዛም። የልደት ቀን፣ ፊርማ፣ ፎቶ አንድ ላይ ናቸው፤ የሰው ገመና ነው።

ጉዱ እንዲህ ነው። በ1961 ለንደን ላይ የተሰጠ የአንድ መምህር ፓስፖርት ገበያ ላይ አገኘሁ። ሻጩ 25 ፓውንድ አለኝ። ሳገላብጠው የኢትዮጵያ መግቢያ ማኅተም አየሁ። የአማርኛው ፊደል ግማሹ ደብዝዟል፤ ጥርት ብሎ የሚነበበው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ 9፣ 5፣ 58። ፓስፖርቱ ከመሰጠቱ ሦስት ዓመት በፊት አገሬ የገባ ሰው! «ይህ ሐሰተኛ ነው» አልኩት ሻጩን፣ ሊቅነቴን እያሳየሁ። ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲያው በ5 ፓውንድ ውሰደው» አለኝ። ለማስተማሪያ ይሆነኛል ብዬ ወሰድኩት፤ በማስታወሻ ደብተሬም በትልቁ «ሐሰተኛ» ብዬ መዘገብኩት፣ የሐሰተኞች ሳጥን ውስጥም ከተትኩት።

ስድስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ነጠላዬን ከቁም ሳጥን ሳወጣ ያ ሳጥን ወደቀ። ፓስፖርቱ የተከፈተው ከኋላ፣ ማንም በማያየው ገጽ ላይ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1947 ሕግ የውጭ ምንዛሪን ይቆጣጠር ስለነበር፣ እስከ 1979 ድረስ ለጉዞ የሚወጣ ገንዘብ እዚያ ገጽ ላይ ይመዘገብ ነበር። የባንክ ማኅተም አለ፣ ዲሴምበር 1965። እንዲያውም ዕድለኛ ሰው ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የጠቅላይ ሚኒስትር ዊልሰን መንግሥት ለመንገደኛ የሚፈቀደውን ወደ 50 ፓውንድ አወረደው። በዲሴምበር 1965 ገንዘብ ያወጣ ሰው መቼ ይደርሳል? በጃንዋሪ 1966። ጃንዋሪ 1966 በኛ ስንት ነው?

ጥር 1958።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። 9፣ 5፣ 58 ማለት ጥር 9 ቀን 1958 ዓ.ም ነው፤ ከከተራ አንድ ቀን ቀድሞ። መምህሩ ጥምቀትን ሊያይ ነው የገባው። ማኅተሙን የመታው ያገሬ ሰው የራሱን ዘመን ነው የጻፈው፤ እኔ ነኝ በሰው አቆጣጠር ያነበብኩት። ሃያ ዓመት ለንደን መኖር እንዲህ ያደርጋል ብዬ ለእናቴ ብነግራት «አላልኩህም?» እንደምትል አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልነገርኳትም።

በተከታዩ አርብ 20 ፓውንድ ይዤ በርመንዚ ሄድኩ። ለሻጩ የዘመን አቆጣጠራችንን ማስረዳት ቀላል አልነበረም፤ ሰባት ዓመት ከጥቂት ወር ወደኋላ የቀረ አገር ላይ ተወልጄ እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ጠየቀኝ። በመጨረሻ ገንዘቡን ቆጥሮ ኪሱ ከተተና «ታዲያ ሐሰተኛው አንተ ነበርክ» ብሎ ሳቀብኝ።

ቤቴ ተመልሼ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። «ሐሰተኛ» በሚለው ላይ በማስመሪያ ቀይ መስመር አሰመርኩበት፣ ከጎኑ ቀኑን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። አልፋቅሁትም።