ክዳኑን ያነሣ ትምህርት ቤት

በአማርኛ የድስቱም የቤቱም መሸፈኛ ስሙ አንድ ነው፤ ክዳን። በቆላ አገር ቀትር ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሁለቱን ዝምድና ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ እየተቀቀለ ነውና።

ይህን ዝምድና ያፈረሰ አንድ ሕንፃ አለ። በቡርኪና ፋሶ፣ ጋንዶ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ2001 የተጠናቀቀ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ነዳፊው ፍራንሲስ ኬሬ የዚያው መንደር ልጅ ሲሆን፣ ሥራውን የሠራው በርሊን ውስጥ ገና ተማሪ ሳለ ነበር። ትምህርት ቤቱ በ2004 የአጋ ካንን ሽልማት አስገኘለት፤ በ2022 ደግሞ ኬሬ የፕሪትዝከር ተሸላሚ የሆነ የመጀመሪያው አፍሪካዊ አርክቴክት ሆነ። ብዙዎች የሚያደንቁለት የሕይወት ታሪኩንና የአፈር ጡቡን ነው። እኔ ግን የሕንፃውን ንድፍና ፎቶግራፎች ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ጣሪያው ላይ ነው።

ጣሪያው ያው እኛ የምናውቀው ቆርቆሮ ነው። ኬሬ ቆርቆሮውን አልናቀውም፤ ከክፍሉ አናት ላይ አነሣው እንጂ። ክፍሎቹ ከአፈር ጡብ የተሠራ፣ ቀዳዳዎች ያሉት ኮርኒስ አላቸው። ከኮርኒሱ በላይ ክፍት ቦታ አለ፤ ከዚያ በላይ ከፌሮ በተበየደ ተሸካሚ ላይ ቆርቆሮው ተዘርግቷል። ነፋስ በክፍተቱ ሲያልፍ ፀሐይ ያጋለችውን አየር ጠርጎ ይወስዳል። የክፍሉ ሞቃት አየር በኮርኒሱ ቀዳዳዎች ሽቅብ ይወጣል፤ በምትኩ ቀዝቀዝ ያለው በመስኮት ይገባል። ከግድግዳው አልፎ የተዘረጋው የጣሪያ ክንፍም ጥላ ይሆናል፤ የአፈሩንም ግድግዳ ከዝናብ ይጠብቃል። ማሽን የለም፤ የመብራት ሒሳብም የለም።

ለእኔ የሕንፃው ውበት ይኸው ነው። ከሩቅ ሲያዩት ሊበር የተነሣ የሚመስለው ጣሪያ ጌጥ አይደለም፤ ቢነሣ ትምህርቱ ይቆማል። በከተማችን የመስታወት ሕንፃዎች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ፀሐይዋን በመስታወት ያስገባሉ፤ ቀጥሎ ሙቀቷን የሚያስወጣ ማሽን ይገዛሉ።

ይሁንና የጋንዶን ጣሪያ እንዳለ ገልብጦ ማምጣትም ሌላ የዋህነት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በክረምት ብርድ ክፍት ኮርኒስ ልጆችን ያንዘፈዝፋል። የጣሪያው ቦታ ጋምቤላ ነው፤ አፋር ነው፤ ድሬዳዋ ነው። እዚያም ቢሆን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ነፋሱ ነው። ከየት ይመጣል? በየትኛው ወር ይበረታል? አቧራ ይዞ ይመጣል? የጎረቤት አጥር ያግደዋል? እነዚህን ሳይጠይቁ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቆርቆሮ የኬሬን መልክ እንጂ ሥራውን አልወረሰም።

ሞቃት አገር ላይ ትምህርት ቤት ስንሠራ የመማሪያ ክፍሎችን ቁጥር እንዘግባለን፤ በቀትር ውስጣቸው መቀመጥ መቻሉን ግን ማን ይጠይቃል? ከሰዓት በኋላ የሚያንቀላፋን ተማሪ ሰነፍ ከማለታችን በፊት፣ እስቲ ቀና ብለን ክዳኑን እንመልከት።