ዎርድል እንደ አነስተኛ መዝገበ ቃላት

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ዎርድል የተባለውን የእንግሊዝኛ የቃል እንቆቅልሽ ነው። እንቆቅልሽ በእኛ ዘንድ ጠያቂና መላሽ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚጫወቱት መሆኑ ቢታወቅም፣ እዚህ ላይ ቃሉን ሰፋ አድርገን በጽሕፈት ለሚፈታ ጨዋታም እንጠቀምበታለን። ጨዋታውን ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በውስጡ የተሸሸገ መዝገበ ቃላት ስላለ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሠሪው ጆሽ ዋርድል በኒውዮርክ ከተማ በብሩክሊን ይኖር የነበረ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ባለሙያ ነው። የመጀመሪያውን ንድፍ በ2013 አዘጋጅቶ ትቶት ነበር። በኋላም የሕይወት ጓደኛው ፓላክ ሻህ የቃል ጨዋታ ትወድ ስለነበር ለእርሷ ሲል አሻሽሎ በኦክቶበር 2021 ለሕዝብ አቀረበው። በኖቬምበር 1 ቀን 2021 የተጫወቱት 90 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ በጃንዋሪ 2 ቀን 2022 ግን ከ300,000 በለጡ። በዚያው ወር መጨረሻ ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገዛው።

ደንቡ ቀላል ነው። ተጫዋቹ ለዕለቱ የተመደበውን፣ ለሁሉም አንድ የሆነውን ባለ አምስት ፊደል ቃል በስድስት ሙከራ ማግኘት አለበት። የጻፈው ፊደል በትክክለኛ ቦታው ላይ ከዋለ አረንጓዴ፣ በቃሉ ውስጥ ኖሮ ቦታውን ከሳተ ቢጫ፣ ጨርሶ ከሌለ ግራጫ ይሆናል።

የሥራው ዋና ብልኃት ግን ከደንቡ ይልቅ በቃላት ዝርዝሩ ላይ ይገኛል። በእንግሊዝኛ ለጨዋታው ከተሰበሰቡት 12,000 ያህል ባለ አምስት ፊደል ቃላት መካከል እጅግ ብዙዎቹን ተራው ተናጋሪ አያውቃቸውም። ስለዚህ ፓላክ ሻህ ቃላቱን እያየች የምታውቃቸውን ከማታውቃቸው ለየች፤ ለመልስነት 2,500 ያህል ቀሩ። ሌሎቹ በሙከራነት ሊጻፉ ይችሉ ነበር፤ በመጀመሪያው ዝርዝር ግን መልስ ሆነው አይመጡም ነበር። በቋንቋው ውስጥ ባለ ቃልና ተናጋሪው በሚያውቀው ቃል መካከል እንዲህ ያለ ድንበር ማበጀት የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ዘወትር የሚታገልበት ሥራ ነው። ዎርድል ተወዳጅ የሆነው ይህ ምርጫ በአብዛኛው ስለሠመረ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ የምርጫው መመዘኛ አለመገለጹ ጉድለት ነው። በጃንዋሪ 12 ቀን 2022 «ፌቨር»፣ በፌብሩዋሪ 9 ቀን ደግሞ «ሂዩመር» መልስ ሆነው ሲወጡ በብሪታኒያ ያሉ ተጫዋቾች ተቆጡ፤ ሁለቱም ቃላት በአሜሪካ አጻጻፍ በአምስት፣ በብሪታኒያ አጻጻፍ በስድስት ፊደል ይጻፋሉና። ከሁለት ልማዶች አንዱ ያለ ማስታወቂያ ሕግ ሆነ ማለት ነው። በአንጻሩ ጋዜጣው በ2022 መጨረሻ በቅጥያ የተመሠረቱ የብዙ ቁጥር ስሞች መልስ እንዳይሆኑ መወሰኑን በይፋ መግለጹ የሚመሰገን ነው፤ መሪ ቃልን ከእርባታው የመለየት ደንብ መሆኑ ነው።

በዲሴምበር 2021 የተጨመረው ሥዕልም የራሱ ዋጋ አለው። በኒውዚላንድ ያሉ ተጫዋቾች ውጤታቸውን በባለ ቀለም አራት ማዕዘኖች እየሣሉ ሲላላኩ ያየው ዋርድል ይህንኑ የጨዋታው ክፍል አደረገው። ሥዕሉ መልሱን ሳይገልጥ የፍለጋውን መንገድ ሁሉ ያሳያል፤ መረጃን በሥዕል የመግለጽ ጥበብ በዚህ ያህል ቁጠባ ሲቀርብ እምብዛም አይታይም። ነገር ግን ጽሑፍ የሚያነብ መሣሪያ ለሚጠቀሙ ዓይነ ሥውራን የሚደርሳቸው «አረንጓዴ አራት ማዕዘን፣ ቢጫ አራት ማዕዘን» የሚል አሰልቺ ዝርዝር ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን እንቆቅልሽ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።

አንደኛው የቃሉ ርዝመት ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት ስለሚይዝ ቃሎቻችን በጽሕፈት አጫጭር ናቸው፤ «ቤት» ሁለት፣ «ነገር» ሦስት፣ «መንገድ» አራት ፊደል ነው። አምስት ፊደል ይሁን ከተባለ ዝርዝሩ «አልመጣም»ና «ከቤታችን» በመሳሰሉት ይሞላል፤ እነዚህም መሪ ቃላት አይደሉም። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ፊደል ይሻላል እንላለን።

ሁለተኛው የቀለሙ ነገር ነው። መልሱ «ነገር» ሆኖ ተጫዋቹ «ነጋሪ» ቢል፣ የእንግሊዝኛው ደንብ «ጋ»ንና «ሪ»ን ግራጫ ያደርጋቸዋል። ሥርወ ቃሉን በሙሉ ያገኘው ሰው ከሦስቱ ሁለቱን ስተሃል ይባላል ማለት ነው። ቨን ሳንቆጥር 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲዘረዘሩ 231 ስለሚሆኑ፣ በስድስት ሙከራ እንዲህ ያለ ፍርድ ተጫዋቹን ተስፋ ያስቆርጠዋል። ተነባቢው ተገኝቶ ቤቱ የተለየ መሆኑን የሚያመለክት አራተኛ ቀለም የግድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛውና ከባዱ የሞክሼ ፊደላት ጥያቄ ነው። መልሱ «ኃይል» ከሆነ «ሀይል» ብሎ የጻፈው ተሳስቷል ወይ? በእኛ አስተያየት በሙከራው ላይ ሞክሼዎቹ እንደ አንድ ተቆጥረው፣ መልሱ ሲገለጥ ግን በመዝገበ ቃላቱ አጻጻፍ መታየት አለበት። ይህ ሲሆን ተጫዋቹ ሳይቀጣ ሥርወ ጽሕፈቱን ይማራል።

ጉዳዩን ጨዋታ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ለብዙ ሰው በየዕለቱ አንድ ቃል የሚያቀርብ ዝርዝር፣ የትኛው ቃል የታወቀ፣ የትኛው አጻጻፍ ትክክለኛ እንደሆነ ማንም ሳያውጅለት ያስተምራል። የእንግሊዝኛው ዝርዝር በአንዲት ሴት የቃል ዕውቀት ላይ ቢመሠረትም፣ ከጀርባው የብዙ መዛግብተ ቃላት ድጋፍ አለው። የአማርኛው አዘጋጅ ግን አከራካሪ የሆነውን የፊደል ጉዳይ ብቻውን መቁረጥ ይገጥመዋል። ስለሆነም የመረጣቸውን ቃላት ብቻ ሳይሆን የመረጠበትን መመዘኛም ከጨዋታው ጋር እንዲያወጣ፣ የሙያው ባልደረቦችም ዝርዝሩን እንደማንኛውም መዝገበ ቃላት እንዲተቹ እናሳስባለን።